የባለ ቆቦቹ ጉርድ ፎቶ

እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ ድረስ ያንን የባሕር ዳርቻ ያዳንኩት እኔ ነበርኩ። ታሪኩን በሰው ሠርግ ላይ፣ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ፣ ልጆቼ አንተኛም ሲሉ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ለማላውቀው ሰው ሳይቀር አውርቼዋለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሮጥኩ፤ ወፎቹ ተነሡ፤ ዳርቻው ዳነ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስንት ጊዜ ሰምታኛለች። አንድም ቀን «እንዲህ አልነበረም» ብላኝ አታውቅም።

እናቴ ፎቶ አንሺ ነበረች፤ ያውም የጉርድ ፎቶ። ሱቃችን ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አጥር ጋር የተጣበቀች አንዲት ክፍል ስለነበረች፣ መታወቂያ የሚያወጣም፣ ፈቃድ የሚያድስም፣ ሥራ የሚያመለክትም እሷ ፊት ሳይቀመጥ አያልፍም። ከኋላ ነጭ መጋረጃ፣ ከፊት ሁለት መብራት፣ መሐል ላይ አንድ ክብ በርጩማ ነበር። ትከሻህን ቀና፣ አገጭህን ዝቅ፣ ጆሮህ ይታይ፣ አትሳቅ፤ ይህንን በቀን መቶ ጊዜ ትላለች። ሰው ጢሙን ያሳድጋል፣ ፀጉሩን ያቀልማል፣ ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ጆሮውን ግን የት ያደርሰዋል ትል ነበር። አንዴ አንድ ሰውዬ በሌላ ስም ሌላ መታወቂያ ሊያወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ገና በርጩማው ላይ ሲቀመጥ «ያን ጊዜ ስምህ ሌላ ነበር» ስትለው ፎቶ ሳይነሣ ተነሥቶ ሄደ።

እሑድ እሑድ ሱቁን ዘግታ እኔን አስከትላ በአውቶቡስ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። አውቶቡሱ የሚያደርሰን መንገዱ እስኪያልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ለስላሳውን ጭቃ እናቋርጣለን። ከጭቃው ማዶ ወደ ባሕሩ የገባ ረጅም የአሸዋ ምላስ አለ። እሱ ነው የወፎች መጠለያ የሚባለው። ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮለታል፣ ጫፉ ላይ የጠባቂው የእንጨት ቤት ቆሟል። ጠባቂውን ሁሉም ሰው አባ ጭቃ ይለው ነበር፤ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ንጹሕ ሆኖ ያየው ሰው ስለሌለ።

የአሸዋው ባለቤቶች ባለ ቆቦቹ ነበሩ። ነጫጭ ናቸው፣ ምንቃራቸው ቢጫ ነው፣ አናታቸው ላይ ጥቁር ቆብ የደፉ ይመስላሉ። ስም ያወጣችላቸው እናቴ ናት። ጎጆ አይሠሩም፤ አሸዋውን በደረታቸው ጫር ጫር አድርገው አንዲት እንቁላል ይጥሉና ላይዋ ላይ ይቀመጣሉ። እርስ በርስ በጣም ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ከሩቅ ሲታዩ የሞላ አውቶቡስ ይመስሉኝ ነበር። አባ ጭቃ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ተረት ይመስልሽ ነበር አይደል?» እያለ ያሾፍብኛል። «እዚህ ቁጭ ብለሽ ወር ከጠበቅሽ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።»

እናቴ ወፎቹን የምታነሣው ልክ እንደ ደንበኞቿ ነበር። በእያንዳንዷ እንቁላል አጠገብ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ችካል ተተክላለች። እናቴ በሆዷ ተኝታ፣ በክርኗ እየዳኸች፣ ወፎቹ እንዳይነሡ አሥር እርምጃ ለመሄድ አንድ ሰዓት ትፈጃለች። ደርሳ ወፉን ከግራ ጎኑ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ርቀት፣ ከችካሉ ቁጥር ጋር ታነሣዋለች። ምንቃሩ ይታይ፣ የቆቡ ጠርዝ ይታይ፣ ቁጥሩ ይታይ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሦስት መቶ ከምናምን ወፍ፣ አንድ ዓይነት አቀማመጥ። አንዱም አይበርም፣ አንዱም ክንፉን አይዘረጋም።

እኔ በነዚህ ፎቶዎች አፍር ነበር። በከተማችን ሌላ የወፍ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ባለ ካላንደሩ ነው የምንለው። የእሱ ወፎች ይበራሉ። ሺህ ወፍ በአንድ ጊዜ ከባሕሩ ሲነሣ፣ ከኋላቸው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ ባንኩ ግድግዳ ላይ፣ የርዕሰ መምህራችን ቢሮ ሳይቀር ተሰቅሏል። አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ አንድ ቀን «የአንቺስ እናት ወፍ ታነሣለች አላልሽም? የታለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? የተሰነጠቀ ምንቃር በኪሴ ይዤ አልዞር።

ዓመቱ ሊጋመስ ሲል በሱቃችን ጨለማ ክፍል ውስጥ ጭውውት በዛ። እናቴ ፊልም ስታጥብ አባ ጭቃ በሩ ላይ ቆሞ ያወራል፤ እኔ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ የተጣሉ ወረቀቶች ላይ እሥላለሁ። ኮሚቴ ሊመጣ ነው ተባለ። ባለ ካላንደሩንም ይዘውት ይመጣሉ ተባለ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይተው ይወስናሉ፣ ከተሸነፍን ሁሉ ነገር አበቃ ተባለ። በትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ሲባል የሥዕል ውድድር የሚዳኘው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ እናቴና ባለ ካላንደሩ ሊወዳደሩ ነው፣ እናቴ ደግሞ ባላት ፎቶ አታሸንፍም። 

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ የመርከብ ጥገና ድርጅት አሸዋውን ፈልጎታል። ወፎቹ መንገደኞች ናቸው፣ በየዓመቱ የሚመጡት ሌሎች ናቸው፣ እዚህ ቦታ ቢያጡ ሌላ ቦታ ያርፋሉ ብሎ አመልክቷል፤ ለማስረጃ የሚሆን ፎቶ እንዲያነሣለትም ባለ ካላንደሩን ቀጥሯል። ሕጉ የሚከለክለው ወፎች በየዓመቱ ተመልሰው እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ መንካት ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ባለ ቆቦቹ እነዚያው ራሳቸው እንደሆኑ፣ እያንዳንዱ ወፍ አምና ከተቀመጠባት ችካል አጠገብ ዘንድሮም ተመልሶ እንደሚቀመጥ በዓይኗ ለይታ ታውቃለች። ሰው በጆሮው እንደሚለይ፣ እነሱም በምንቃራቸው ጭረትና በቆባቸው ጠርዝ ይለያሉ። ሌላ ማንም ይህን ሥራ ሊሠራው አይችልም ነበር። እኔ ያፈርኩበት ጉርድ ፎቶ የአሸዋው ብቸኛ ጠበቃ ነበር።

ኮሚቴው የመጣው ፀሐዩ በጠነከረበት ቀን ረፋዱ ላይ ነው። አራት ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢው ዣንጥላ የያዘ፣ ጫማውን ላለማበላሸት በእግር ጣቱ የሚራመድ ሰው ነበር። ከኋላቸው ባለ ካላንደሩ ክንዴን የሚያህል ሌንስ አንግቦ ይከተላል። እናቴ አምና ያነሣቻቸውን በቁጥር የደረደረችበትን ትልቅ አልበም ይዛለች። ገመዱ ጋ ቆሙ፤ እናቴ ቁጥር ትጠራለች፣ ሰብሳቢው በአባ ጭቃ አቅራቢ መነጽር አሻግሮ ያያል፣ ከዚያ አልበሙን ያያል፣ ከዚያ ከንፈሩን ሳያላቅቅ «ይመስላል» ይላል። ሦስት ጊዜ «ይመስላል» አለ። ከዚያ ወደ ባለ ካላንደሩ ዞሮ ሌንሱን እየነካ አንድ ነገር ጠየቀው፣ ሁለቱም ሳቁ።

ያ ሳቅ ነው የጨረሰኝ። እናቴ እየተሸነፈች መሰለኝ። የቀራት ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የሚበር ወፍ። እሷ እንደሆነ በክርኗ እየዳኸች በሕይወቷ የሚበር ወፍ አታገኝም። እኔ ግን እግር አለኝ። በገመዱ ሥር ሾልኬ ገባሁና እጆቼን ዘርግቼ ወደ መሐላቸው ሮጥኩ። «እማዬ፣ አንሺ! አንሺ!» እያልኩ።

ባለ ቆቦቹ ቱር ብለው ተነሡ። ሰማዩ ነጭ ሆነ፣ ጩኸታቸው ጆሮዬን ደፈነው፣ ከክንፋቸው የሚወጣው ነፋስ ፊቴን መታኝ። እስከ ዛሬ ያን የመሰለ ነገር አላየሁም፤ ይህንን የምለው ምን እንዳደረግሁ ካወቅሁ በኋላም ነው። ዞሬ ሳይ ኮሚቴው አፉን ከፍቷል፣ ባለ ካላንደሩ ካሜራውን አንሥቶ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። እናቴ ግን ካሜራዋን አላነሣችም። ስትሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። የረገጥኩትን ዱካ ብቻ እየረገጠች መጣች፣ ከወገቤ አንጠልጥላ አወጣችኝ፣ ከዚያ ለሁሉም በዝቅተኛ ድምፅ «ከዚህ ውጡልኝ፤ አሁኑኑ» አለች። ሰብሳቢው ጫማውን ረስቶ በጭቃው ሮጠ።

እኔ በጣም ገባኝ፤ ከእሷ በቀር ማንም ያንን ፎቶ እንዳያነሣ ማባረሯ ነው። እንጨት ቤቱ ውስጥ ሆኜ በቀዳዳ ሳይ አባ ጭቃ አሸዋው ዳር ዱላውን እያወዛወዘ ወዲህና ወዲያ ይዘላል። ደስ ብሎት የሚጨፍር መሰለኝ። ከላዩ ጥቁር ነገሮች ይዞሩ ነበር። እኔም ከውስጥ ሆኜ አጨበጨብኩለት።

ጥቁሮቹ ቁራዎች ነበሩ። ወፍ ያልተቀመጠባት እንቁላል በዚያ ፀሐይ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፀሐዩ ያልጨረሳትን ቁራ ይጨርሳታል። ሰብሳቢውም «ይመስላል» ሲል ማመኑ ነበር፤ አባ ጭቃ በኋላ እንደነገረኝ ሠላሳ ወፍ ሊያስተያዩ አቅደው ያዩአቸው ሦስቱም ገጥመው ነበር። የሳቁትም የሰብሳቢው ልጅ ለልደቱ እንዲህ ያለ ሌንስ እንዲገዛለት አባቱን ስለጠየቀ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስተያዩት ወፍ አልነበረም። ከጭቃው ማዶ ጥቂት ጠብቀው ሄዱ።

አመሻሹ ላይ እንቁላላቸው የተረፈላቸው ወፎች ሲመለሱ፣ እናቴ ካሜራዋን ይዛ እየዳኸች ገባች። አሁን ገና ገባት ብዬ ረካሁና እንቅልፍ ወሰደኝ። በአውቶቡስ ስንመለስ ትልቅ ልጅ ብሆንም ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። ልብሷ ጭቃና የፊልም ማጠቢያ ይሸታል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «አሸነፍን?» አልኳት።

«ገና ነው» አለች በመስኮቱ እያየች። «ግን አንተውም።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባ ጭቃ ሱቃችን ድረስ መጥቶ «ባለበት ይቆይ ተብሏል» አለ። ሁለት ዓመት ምናምን እያለ ሌላም ነገር ጨመረ፣ እኔ ግን ከመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ወዲህ አልሰማሁም፤ ለጎረቤት ለመንገር ወጥቻለሁ። ሽልማቱም ቆይቶ መጣ። ባለ ካላንደሩ ራሱ፣ ያንን ክንድ የሚያክል ሌንስ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ለእናቴ በሁለት እጁ ሰጣት። ተሸናፊ ለአሸናፊ እንዲህ እጅ ሲነሣ ማየት ምንኛ ደስ ይላል! ለዚያች አብራኝ ለምትቀመጠው ልጅ በማግሥቱ ሌንሱ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነገርኳት፤ ጥቂት ጨምሬበት ይሆናል።

ሌንሱ ውሰት ነበር። እናቴ ለሁለት ዓመት ከወፎቹ ከመቶ እርምጃ ባነሰ ርቀት እንዳትቀርብ ታግዳ ስለነበር በራሷ አጭር ሌንስ ምንም ማንሣት አትችልም። እንቁላላቸውን ያጡት ወፎችና ጎረቤቶቻቸው በሚቀጥለው ዓመት ቦታቸውን ቀይረው ስለተቀመጡ የአምናው አልበም ግማሹ ዋጋ አጣ። ከቁጥር አንድ እንደገና ጀመረች። በመራቢያው ወቅት ሱቁን እስከ ቀትር እየዘጋች ንጋት ላይ እንጨት ቤቱ ትደርሳለች፤ እኔን አክስቴ ዘንድ አስቀመጠችኝ። ይህንንም ለጀግና የተሰጠ ዕረፍት አድርጌ ነው የወሰድኩት። አክስቴ ደንበኛ በሩን አንኳኩቶ ሲመለስ እያየች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ታጉረመርም ነበር። እናቴ ግን ዝናብ ቢዘንብም ትሄዳለች፣ ቢያተኩሳትም ትሄዳለች። ሁለት ዓመት ሞልቶ ኮሚቴው ሲመለስ ሠላሳውንም ወፍ አስተያየቻቸው፤ ሰብሳቢው ሠላሳ ጊዜ «ነው» አለ። የመርከብ ጥገናው ሌላ ቦታ ተሠራ። እኔም አሥር ዓመት ሆኖኝ አሸዋው በር ላይ የተተከለውን ሰሌዳ ሳይ፣ ይህን ያህል ምን አዘገያቸው ብዬ ተገረምኩ።

ባለፈው ዓመት መጠለያው ለተማሪዎች የመመልከቻ ቤት ሲያስመርቅ ንግግር እንዳደርግ ተጋበዝኩ። አዲሱ የመጠለያው ኃላፊ ታሪኬን ከእኔው ሰምቶ ነው። ለልጆቹ የማሳየው ፎቶ ልፈልግ ብዬ የእናቴን ቁምሳጥን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር በዓመትና በቁጥር ተደርድሯል። የዚያን ቀን ፖስታ አወጣሁና የሚበሩትን ወፎች ፈለግሁ።

የሚበር ወፍ አልነበረም። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ችካል አለ፣ ቁጥሩ ይታያል፣ አጠገቡ የተጫረ አሸዋና የተሰበረ ቅርፊት አለ። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛው ላይ ሙሉ እንቁላል አለ፣ ወፍ ግን የለም። ሁሉም ከግራ ጎን፣ ከአንድ ርቀት። ከጀርባቸው ቀኑ፣ ሰዓቱና አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ባዶ»። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ከሥራቸው ለኮሚቴው የተጻፈ ደብዳቤ ቅጂ ነበር። የእናቴ ጽሑፍ ነው። ወፎቹ የበረገጉት በእኔ የጥንቃቄ ጉድለት ነው ይላል፣ ማንም ሌላ ሰው አይጠየቅበት ይላል፣ በሥሩ ፈርማበታለች። የእኔ ስም የትም የለም።

ለካ አባ ጭቃ ያውቅ ነበር። ባለ ካላንደሩም ያውቅ ነበር፤ ሌንሱን ያዋሰውም ለዚያ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሠርጉ የለፈለፍኩት። አፈርኩ። ከማፈሬ ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ፤ እናቴ ላይ።

ፖስታውን ይዤ ወደ እሷ ሄድኩ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የልጄን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ፎቶዎቹን ፊቷ አስቀመጥኩ። መነጽሯን አደረገች፣ የላይኛውን አንሥታ ቁጥሩ በደንብ መውጣቱን አየች፣ መለሰችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታለቅሺ ነበር» አለች። «አንቺ ደግሞ ከጀመርሽ ቶሎ አታቆሚም። እኔ ሥራ ነበረብኝ።»

«ከዚያ በኋላስ? ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«ከዚያ በኋላማ አንቺ ባወራሽ ቁጥር አንድ ሰው ሄዶ አሸዋውን ሊያይ ይፈልጋል። ምን አስቸኮለኝ?»

«በእኔ ፋንታ ፈርመሻል፣ እማዬ። ሁለት ዓመት ታግደሻል።»

«ስምንት ዓመትሽ ነበር። በምን ፊርማሽ ልትፈርሚ ኖሯል?»

እንባዬ መጣ፤ እሷ እንዳለችው ቶሎም አላቆመም። አላባበለችኝም። ቁልፉን ተክላ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሸሚዙን አጠፈች። ከዚያ ነገ ልጆቹ ፊት ምን ልትዪ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ንግግሩ ላይ አልገኝም የምል መስሏት እንደሆን አላውቅም። እኔ ግን እዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ ወስኜ ነበር።

«የሆነውን እላለሁ» አልኳት። «ሮጬ ሰማንያ አራት እንቁላል እንዳጠፋሁ። አንቺ ከቁጥር አንድ እንደጀመርሽ።»

«ሰማንያ ሰባት ነው።»

«ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፣ እማዬ። ሰማንያ አራት ነው።»

«ፎቶው ነው ሰማንያ አራት» አለች ሸሚዙን እየደባበሰች። «ሦስቱ ተንቀሳቅሰው ተበላሹ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

በማግሥቱ መቶ የሚሆኑ ልጆች ፊት ቆሜ ሰማንያ ሰባት አልኩ።